የመጽሐፍ የዳቦ አሰራር በድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይስተካከላል?

የታተመ አሰራር ስታነቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ግብአቱ ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን «የክፍል ሙቀት» የሚለውን ፈልጉ። ጸሐፊው በአብዛኛው ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለቱ ነው። እኛ ጋ በግንቦትና በሰኔ ቤት ውስጥ 30 ማለፍ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ የተጻፈውን ሰዓት አትመኑት።

ቀላል የፉርኖ ዳቦ እንያዝ፦ 500 ግራም ዱቄት፣ 325 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 7 ግራም ደረቅ ፈጣን እርሾ፣ 10 ግራም ጨው።

በመጀመሪያ መለኪያውን ወደ ግራም መልሱ። የአሜሪካኖቹ ኩባያ ወደ 240 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ በዱቄት 120 ወይም 125 ግራም፣ በስኳር 200 ግራም ገደማ ማለት ነው። 350 ፋራናይት ደግሞ 175 ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ትንሽ የኩሽና ሚዛን ካላችሁ ግልግል ነው። ከሌላችሁ አንድ ብርጭቆ ምረጡና ሁሌም በእሱ ብቻ ስፈሩ።

ቀጥሎ እርሾውን ወደ 4 ወይም 5 ግራም ቀንሱት። ጨዉን ግን እንዳትነኩ፤ እርሾው እንዳይጋልብ ልጓሙ እሱ ነው። አሰራሩ «ለብ ያለ ውሃ» ቢልም እናንተ ከፍሪጅ የወጣ ተጠቀሙ። ቀትር ላይ ከሮቶ የሚወርደው ውሃማ እጅ ያቃጥላል! ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ወደኋላ አስቀሩ። ዱቄት ሁሉ እኩል ውሃ አይጠጣም፤ ሊጡ ከደረቀ ያኔ ትጨምራላችሁ።

10 ደቂቃ ያህል እሹት። ትንሽ ቆርሳችሁ በጣት ስትለጥጡት ሳይበጠስ ሳስቶ ብርሃን ካሳለፈ በቅቶታል።

አሁን ዋናው ቦታ ላይ ደረስን። ሊጡን ጎኑ በሚያሳይ ዕቃ ውስጥ ክተቱና ቁመቱ ላይ ምልክት አድርጉ። መጽሐፉ አንድ ሰዓት ቢልም ከግማሽ ሰዓት ጀምራችሁ እዩት። እጥፍ ሲሆን አየሩን አስወጡ፣ ቅርጽ ስጡት፣ እንደገና ሸፍኑት። ለሁለተኛው ኩፍታ ፈተናው ጣት ነው። ዱቄት ነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው። ቀስ እያለ እስከ ግማሽ ከተመለሰ ኦቨን ይግባ። እንዳለ ከቀረ አልፎበታል፤ አየሩን አስወጥታችሁ እንደገና ቅረጹት እንጂ እንዲሁ አትጋግሩት፤ ኦቨን ውስጥ ይሟሽሻል።

ቀኑ በጣም ከከበደ ማታ አቡክታችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። እኔ እንደውም ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ጣዕሙ ይበልጣል። መብራት ከሄደ ፍሪጁን አትክፈቱ።

ቀድሞ በጋለ 220 ዲግሪ ኦቨን ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል። ገልብጣችሁ ታቹን ስታንኳኩት ባዶ ነገር የሚመታ ድምፅ መስጠት አለበት።

ሐረር ላላችሁ ጉዳዩ ይገለበጣል። ከተማችሁ ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት ሊጥ እንቅልፍ ይወስደዋል። 7 ግራሙንም ለብ ያለውን ውሃም እንዳለ ያዙት። እናንተን የሚያስቸግረው ኬክ ነው። ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ኬኩ ቶሎ ያብጥና መሃሉ ይሰምጣል። ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ላይ ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ ቀንሱ፤ ፈሳሹን በሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ አድርጉ።

አንዴ ዳቦው ከተስተካከለላችሁ የራሳችሁን መጨመር ትችላላችሁ፤ ግን በአንድ ጊዜ አንድ ለውጥ ብቻ። ግማሹን ውሃ በአሬራ ተኩ፣ በሌላ ቀን ጥቁር አዝሙድ ነስንሱ፣ በሌላው የተከተፈ ቴምር ጨምሩ። አሬራውና ቴምሩ አንድ ላይ ገብተው ዳቦው ቢበላሽ የቱ እንዳበላሸው በምን ታውቃላችሁ? የቀየራችሁትንና የዕለቱን ሙቀት መጽሐፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፉ።

የተረፈው እርሾ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥ። ክዳኑ አጥብቆ በሚገጥም ጠርሙስ አድርጋችሁ ፍሪጅ አስገቡት።