የኦንየን አድራሻን እንዴት አግኝቶና አረጋግጦ መያዝ ይቻላል

የተጠቃሚውን ማንነት በሚሰውረው የቶር አውታረ መረብ ውስጥ ያለ ድረ ገጽ አድራሻ (የኦንየን አድራሻ) 56 የላቲን ፊደላትና አኃዞች ያለ ምንም ትርጉም ተደርድረው፣ መጨረሻቸው ላይ ነጥብ ኦንየን የሚል ቅጥያ የሚከተላቸው ነው። ይህን በቃል ለማጥናት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። የሚያዋጣው አድራሻውን አንድ ጊዜ ከታመነ ምንጭ አግኝቶ፣ በጥንቃቄ አረጋግጦ፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በራስ መዝገብ በኩል ብቻ መግባት ነው።

አድራሻው ለምን እንዲህ እንደረዘመ ማወቅ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ለመለየት ስለሚረዳ ጥቂት ልቆይበት። በተለመደው ኢንተርኔት የድረ ገጽ ስም ከመዝጋቢ ድርጅት በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ስሙን ወደ ሰርቨሩ ቁጥር የሚለውጥ ሌላ አገልግሎት አለ። የኦንየን አድራሻ ግን መዝጋቢ የለውም፤ አድራሻው ራሱ የድረ ገጹ ይፋዊ ቁልፍ ነው፤ ይህም ለሁሉም የሚገለጥ፣ ባለቤቱ ብቻ ከሚይዘው ምስጢራዊ ቁልፍ ጋር የተጣመረ ቁጥር ነው። ቁልፉ 32 ባይት ሲሆን፣ የአጻጻፍ ስህተትን የሚያጋልጥ 2 ባይትና የሥሪቱን ቁጥር የሚይዝ 1 ባይት ይታከሉበትና ሁሉም ከኤ እስከ ዜድ ባሉት ፊደላትና ከ2 እስከ 7 ባሉት አኃዞች ይጻፋል። ስለዚህ በ56ቱ ሆሄያት መካከል 0፣ 1፣ 8 ወይም 9 ካዩ የገለበጠው ሰው ተሳስቷል ማለት ነው፤ የመጨረሻው ፊደልም ምንጊዜም ዲ ነው። 16 ሆሄያት ብቻ የነበሯቸው የቀድሞዎቹ አድራሻዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ከአገልግሎት ስለወጡ፣ እነርሱን አሁንም የሚደረድር ዝርዝር ካጋጠመዎ ለዓመታት ያየው ሰው እንደሌለ ይቁጠሩት።

ከዚህ አሠራር አንድ ትልቅ ነገር ይከተላል። ተዛማጁን ምስጢራዊ ቁልፍ ያልያዘ ሰው በዚያ አድራሻ ሊመልስልዎ አይችልም፤ አደጋው ያለው መጀመሪያውኑ የተሳሳተ አድራሻ በመያዝ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እርምጃ እንግዲህ ባለቤቱን ራሱን መጠየቅ ነው። እንደ ቢቢሲና ኒውዮርክ ታይምስ ያሉ የታወቁ ተቋማት የኦንየን ድረ ገጽ ከፍተዋል። የሚፈልጉትን ተቋም መደበኛ ድረ ገጽ በቶር ብሮውዘር ሲከፍቱ፣ ባለቤቱ ካዘጋጀው በአድራሻ ሳጥኑ ውስጥ የኦንየን አድራሻ መኖሩን የሚገልጽ ምልክት ይታያል፤ ይህ አሠራር ከ2020 ጀምሮ በብሮውዘሩ ውስጥ አለ። ምልክቱን ሲጫኑ ብሮውዘሩ ወደ ትክክለኛው አድራሻ ራሱ ይወስድዎታል፤ መደበኛው ድረ ገጽ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) መከፈቱን ግን አስቀድመው ይመልከቱ።

ባለቤቱ በግልጽ ካላሳወቀ ወደ ፍለጋ መሄድ ይቻላል። አሕሚያ የተባለው የፍለጋ ሞተር የኦንየን ድረ ገጾችን ይመዘግባል፤ በቶር ብሮውዘር ውስጥ በነባሪነት የተቀመጠው የፍለጋ ሞተር ዳክዳክጎ ግን የሚፈልገው በዋናነት በመደበኛው ኢንተርኔት ላይ ነው። በፍለጋ የተገኘ አድራሻ ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም። በየቦታው የሚዞሩትን የአድራሻ ስብስቦችማ እኔ በግሌ አላምናቸውም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ከሌላው የገለበጠ ስለሆነ አሥር ቦታ መገኘቱ አሥር ምስክር አያደርገውም።

ቀጥሎ ማረጋገጥ ይመጣል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች የአድራሻው መጀመሪያ የድርጅታቸውን ስም እንዲመስል ቁልፍ ደጋግመው እያመነጩ ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ተጨማሪ ፊደል ድካሙን በ32 እጥፍ ያበዛዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ሆሄያት ለማመሳሰል አንድ ቢሊዮን ገደማ ሙከራ ይበቃል፤ ይህም ለተራ ኮምፒውተር የማይከብድ ሥራ ነው። አጭበርባሪም ይህንኑ ማድረግ ስለሚችል፣ መጀመሪያውን ብቻ አይቶ ማለፍ የለመደ ዓይን በቀላሉ ይታለላል። መካከሉንና መጨረሻውንም ያነጻጽሩ። አንድ ሆሄ ተሳስቶ ሲጻፍ ብሮውዘሩ አድራሻው ልክ አይደለም ብሎ ቢመልስም፣ የአጭበርባሪው አድራሻ በራሱ ትክክለኛ ቁልፍ ስለሆነ ይህ መከላከያ አይይዘውም። ባለቤቱ አድራሻውን ፒጂፒ በተባለው የዲጂታል ፊርማ መሣሪያ ፈርሞ ካወጣ፣ ቀድሞ በእጅዎ በነበረው ይፋዊ ቁልፉ ፊርማውን ማረጋገጥ ከሁሉ ይበልጣል።

የተረጋገጠውን አድራሻ ወዲያውኑ በዕልባት ያስቀምጡ፤ ስሙንም ገጹ በሰጠው ርእስ ሳይሆን እርስዎ በመረጡት ስም ይጻፉ። ቶር ብሮውዘር ሲዘጋ የጎበኟቸውን ገጾች ታሪክ ያጠፋል፤ ዕልባቶቹ ግን በኮምፒውተሩ ላይ ይቀራሉ። ይህ ምቾትም ስጋትም ነው፤ ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚከፍተው ከሆነ አድራሻዎቹን እንደ ኪፓስኤክስሲ ባለ በይለፍ ቃል በሚቆለፍ መዝገብ ውስጥ ማኖር ይሻላል። ቴይልስን፣ ማለትም ከዩኤስቢ የሚነሳውንና ሲዘጋ ዱካ የማይተወውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ የሚጠቀሙ ሰዎች ቋሚ ማከማቻውን ከፍተው የዕልባቶችን አማራጭ ካላበሩ፣ ያስቀመጡት ሁሉ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በወረቀት መጻፍ ካስፈለገ አራት አራት ሆሄ እየለዩ በ14 ክፍል ይጻፉት። 0 እና 1 በአድራሻው ውስጥ ስለሌሉ ከኦ እና ከኤል ጋር አይምታቱም፤ አይ እና ኤል ግን አሁንም ያሳስታሉ።

አድራሻውን በተራ ብሮውዘር ውስጥ አይለጥፉ፤ ገጹ አይከፈትም፣ የጠየቁት አድራሻ ግን የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎ ዘንድ ሊደርስ ይችላል።

አይቱፒ የተባለው ሌላው ስም አልባ አውታረ መረብ መንገዱ ትንሽ ይለያል። በእርሱ ዘንድ እያንዳንዱ ተጠቃሚ በራሱ ኮምፒውተር ላይ የአድራሻ ደብተር አለው፤ አጫጭር ስሞች በዚያ ውስጥ ከ52 ሆሄያት አድራሻዎች ጋር ይያያዛሉ። ደብተሩ ከሌሎች ዝርዝሮች ሊሞላ ስለሚችል፣ በእርስዎ ዘንድ አንድን ገጽ የሚያመለክት ስም በሌላ ሰው ዘንድ ሌላውን ሊያመለክት ይችላል።

ያስቀመጡት አድራሻ አንድ ቀን አልከፈት ቢል አዲስ አድራሻ ለመፈለግ አይቸኩሉ። የኦንየን ድረ ገጾች ለሰዓታት መቋረጣቸው የተለመደ ነው፤ ሐሰተኛ ምትክ አድራሻዎችም የሚሠራጩት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። ቶር ብሮውዘርን ዘግተው እንደገና ይክፈቱ፣ ቆይተው ይሞክሩ፤ ካልሆነም አድራሻውን መጀመሪያ ወዳረጋገጡበት የባለቤቱ ምንጭ ይመለሱ።