ዊንዶውስ «ፎርማት አድርገው» የሚለውን የሊኑክስ ዲስክ ፋይሎች እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ከሊኑክስ ኮምፒውተር የወጣ ሃርድ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ፎርማት ካልተደረገ እንደማይከፈት የሚናገር መልእክት ይመጣል። «ካንስል» በሉት! ዲስኩ ጤነኛ ነው፤ ሊኑክስ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበትን ኢኤክስቲ4 የተባለ ፎርማት ዊንዶውስ በራሱ ማንበብ ስለማይችል ነው። ትናንት ዊንዶውስ ላይ ይከፈት የነበረ ዲስክ ዛሬ ይህን ካለ ግን ብልሽት ነውና ይህ ዘዴ አይመለከተውም።

አስተማማኙ መንገድ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ ማስነሳት ነው። 16 ጊጋባይት ፍላሽና ፋይሎቹን የሚቀበል ሌላ ዲስክ አዘጋጁ። መቀበያው ፋት32 በተባለው ፎርማት ከሆነ 4 ጊጋባይት የሚሞላ ነጠላ ፋይል አይወስድም፤ ረጅም ቪዲዮ ካላችሁ ኤክስፋት የተባለው ፎርማት ይሁን።

በመጀመሪያ የሊኑክሱን ዲስክ ንቀሉ። ከዚያ ኡቡንቱ ዴስክቶፕን አውርዳችሁ ሩፈስ በተባለው የዊንዶውስ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ጻፉት። ሩፈስ የተመረጠለትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ስለሚያጠፋ፣ የምታድኑት ዲስክ በዚያ ሰዓት ተሰክቶ መገኘት የለበትም። ላፕቶፑ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ ማመስጠሪያ) የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ያዙ፤ በኋላ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ስታስነሱ በብዙ ዴልና ሌኖቮ ኤፍ12፣ በኤችፒ ኤፍ9 ደጋግማችሁ ተጫኑና ፍላሹን ምረጡ። ኡቡንቱ ሲጠይቃችሁ «ትራይ» የሚለውን እንጂ «ኢንስቶል»ን አትንኩ።

አሁን ሁለቱንም ዲስኮች ሰክታችሁ «ፋይልስ»ን ክፈቱ። በግራ በኩል ይታያሉ፤ የምትፈልጉትን ኮፒ አድርጋችሁ መቀበያው ላይ ለጥፉ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ዲስኩ የተመሰጠረ ነው፤ ያለ ቃሉ አይከፈትም።

ብዙ ሰው የሚቸገረው የቁልፍ ምልክት ያለበት ፎልደር ሲገጥመው ነው። ኢኤክስቲ4 የእያንዳንዱን ፋይል ባለቤት በቁጥር ይመዘግባል፤ ከፍላሽ የተነሳው ኡቡንቱ ተጠቃሚ ቁጥር ከዚያ ከተለየ ይከለከላል። የባለቤትነት ቅንብሩን መቀየር አያስፈልግም። ኮንትሮልና ኤል ተጭናችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል «አድሚን»፣ ቀጥሎ እንደ ኮሎን ያለውን ሁለት ነጥብና ሦስት ወደ ፊት ያዘነበሉ ስላሾች ጻፉ፤ ከዚያ «ሚዲያ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ዲስኩን ታገኙታላችሁ። በዚህ መስኮት ሁሉም ነገር ስለሚፈቀድ ኮፒ ከማድረግ ውጭ ምንም አትሰርዙ።

በስማቸው ውስጥ ሁለት ነጥብ ወይም የጥያቄ ምልክት ያለባቸው ፋይሎች ኤክስፋት ላይ ላይገቡ ይችላሉ፤ ስማቸውን ቀይሩ።

ኮፒው አለቀ ቢልም የተወሰነው ገና ሚሞሪ ላይ ሊሆን ይችላል። መቀበያውን ከመንቀላችሁ በፊት ከስሙ አጠገብ ያለውን የማስወጫ ምልክት ተጫኑና እስኪጠፋ ጠብቁ። ዊንዶውስ ላይ ፋይሎቹን ከፍታችሁ ሳታዩ ዋናውን ዲስክ ፎርማት አታድርጉ።