ሶፍትዌር ከመቀየራችሁ በፊት ፋይሉን እዩት፦ የድሮንና የእጅ ካሜራ ኤዲቲንግ ችግርና መፍትሄ

ባለፈው ጥር የዘመድ ሰርግ ቀረጽን። እኔ ድሮን አበረርኩ። ጓደኛዬ ካሜራ በእጁ ይዞ ሙሽሮቹን ተከተለ። የሙሽራዋ ወንድም ደግሞ የሽማግሌዎቹን ምርቃት በስልኩ ያዘ። ሦስቱንም ላፕቶፔ ላይ ገልብጬ ኤዲት ላደርግ ስቀመጥ ጉድ ፈላ። የድሮኑ ምስል ይንቀረፈፋል። የጓደኛዬ ካሜራ ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም። ምርቃቱ ላይ ደግሞ «አሜን» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው። በአንድ ሳምንት ሦስት ሶፍትዌር ቀየርኩ። ጥፋቱ ግን የሶፍትዌሮቹ አልነበረም፤ አብዛኛው የፋይሎቹ ጠባይ ነበር።

ስለዚህ «ለድሮን የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ለሚለኝ ሁሉ መጀመሪያ ሚዲያ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም እንዲጭን እነግረዋለሁ። ክሊፑን ጎትታችሁ ትጥሉበታላችሁ፣ የፋይሉን ማንነት ይዘረዝርላችኋል። አራት ነገር ያዙ፦ ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ ኤች 264 ነው ወይስ ኤች 265? የቀለሙ ደረጃ ብዛት 8 ቢት ነው ወይስ 10? የሚይዘው የቀለም መረጃ 4:2:0 ነው ወይስ ከዚያ የሚበዛው 4:2:2? ፍሬም ሬቱስ (በሰከንድ የሚያልፈው የምስል ብዛት) ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ?

ታይምላይኑ ይንቀረፈፋል

ክሊፖቹን የምትደረድሩበት መስመር፣ ማለትም ታይምላይኑ፣ ሲንቀረፈፍ ሁሉም ሰው ሃርድ ዲስኩን ነው የሚወቅሰው። እስቲ እናስላው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ድሮን ፋይል ለመጫወት በሰከንድ 12.5 ሜጋባይት ይበቃዋል። ይህን ያረጀ ሃርድ ዲስክም ያነበዋል። የሚጨነቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ኤች 265 ፋይሉ እንዲያንስ ብሎ እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉውን አያስቀምጥም። አንዱን ሙሉ ያስቀምጥና ከሌሎቹ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋል። እናንተ ታይምላይኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ባላችሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ የጎደለውን እንደ አዲስ ያሰላል።

መድኃኒቱ ፕሮክሲ ነው፤ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሠራ ቀለል ያለ ቅጂ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በሚባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር (ነፃም የሚከፈልበትም ቅጂ አለው) ላይ ክሊፖቹን መርጣችሁ ቀኝ ክሊክ፣ ከዚያ «ጀነሬት ፕሮክሲ ሚዲያ»። ፕሪሚየርና ፋይናል ከትም አላቸው፤ ነፃዎቹ ሾትከትና ኬደንላይቭም አላቸው። ጥቂት ክሊፕ ከሆነ ቡናው በረካ ሳይደርስ ያልቃል። የሰርግ ሙሉ ቀን ከሆነ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ፣ መብራት እንዳይሄድ እየጸለያችሁ። ኤክስፖርት ስታደርጉ ዋናውን ፋይል እንዲጠቀም ማየት አትርሱ።

አንዳንድ የዲጄአይ ድሮኖች ከዋናው ፋይል ጎን ኤልአርኤፍ የሚል ቅጥያ ያለው ትንሽ ፋይል ያስቀምጣሉ። ብዙዎቻችን ቆሻሻ መስሎን እንሰርዘዋለን። ጥራቱ ዝቅ ያለ ያው ቪዲዮ ነው። ቅጥያውን ወደ ኤምፒ 4 ስትቀይሩት ይከፈታል። የትኛው ክሊፕ እንደሚበጅ ለመምረጥ ይመቻል።

ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

ይህ ሰው ያስደነግጣል። ካርዱን ፎርማት ያደረገ ሰው አውቃለሁ። ፋይሉ አልተበላሸም! ብዙ አዳዲስ የእጅ ካሜራዎች 10 ቢት 4:2:2 ይቀርጻሉ። ነፃው ሪዞልቭ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለውን ፋይል ብዙ ጊዜ አይፈታውም፤ በቀይ «ሚዲያ ኦፍላይን» ብሎ ያርፋል።

አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ፋይል ለማዳን ሻተር ኢንኮደር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ለኤዲቲንግ ወደሚመቸው የዲኤንኤክስኤችአር ፎርማት ቀይሩት፤ 10 ቢቱ እንዳይጠፋ ኤችኪውኤክስ የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ብዙ እጥፍ ስለሚገዝፍ ቦታ አዘጋጁ። ለወደፊቱ ደግሞ ቀለም ላይ ብዙ የማትደክሙ ከሆነ ካሜራውን 8 ቢት 4:2:0 ላይ አድርጉት፤ ለሰርግ ያንሳል የሚለኝ ካለ እንከራከራለን። በሥራው የምትተዳደሩ ከሆነ የሚከፈልበት የሪዞልቭ ስቱዲዮ ቅጂ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ 295 ዶላር ነው።

«ጠንካራ ጂፒዩ (ግራፊክስ ካርድ) ልግዛ» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከአርቲኤክስ 50 ተከታታይ በፊት የወጡት የኤንቪዲያ ካርዶች 4:2:2ን በሃርድዌር አይፈቱም። ኤች 265 ከሆነ ግን 11ኛው ትውልድ ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይፈታዋል፤ የአፕል ኤም 1 ማክም እንዲሁ። አንዳንዴ ተራ የሚመስለው ላፕቶፕ ውዱን የጌም ማሽን ያስንቃል።

ድምፁና ከንፈሩ አይገናኙም

ስልክ ነው። ስልክ ብርሃን ሲያንሰው ፍሬም ይቀንሳል፣ ሲመቸው ይጨምራል። ሚዲያ ኢንፎ ላይ ፍሬም ሬቱ «ቫሪያብል» ይላችኋል። ክሊፑ መጀመሪያው ላይ ደህና መስሎ እየቆየ ይራራቃል። ኤዲት ከመጀመራችሁ በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክፈቱት፣ ፍሬም ሬቱን 30፣ ከስሩ «ኮንስታንት» አድርጉና አስቀምጡ። ከዚያ ወዲያ የትኛውም ሶፍትዌር ይቀበለዋል።

ድሮኑ ሲዞር ምስሉ ይንገጫገጫል

ድሮኑ በ30 ፍሬም ቀርጾ የእጅ ካሜራው በ25 ከቀረጸ፣ ፕሮጀክቱም 25 ከሆነ፣ ሶፍትዌሩ ከድሮኑ ምስል በየሰከንዱ 5 ፍሬም ይጥላል። ሰው ሲያወራ አይታወቅም። ድሮን በሐይቅ ላይ ቀስ ብሎ ሲዞር ግን ዓይን ላይ ይወጋል።

ፍሬም ከመጣል ይልቅ ክሊፑን ማዘግየት ይሻላል። ሪዞልቭ ላይ «ክሊፕ አትሪቢዩትስ» ገብታችሁ 30 የሚለውን 25 አድርጉት። ፕሪሚየር ላይ «ኢንተርፕሬት ፉቴጅ» ይባላል። ቪዲዮው ወደ 83 በመቶ ፍጥነት ይወርዳል፣ አንድም ፍሬም አይጣልም። ድሮኑ ድምፅ ስለማይቀዳ የሚበላሽ ነገር የለም። እንዲያውም ዝግ ሲል ያምራል።

ለምን 25? የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው። አዳራሽ ውስጥ 25 ፍሬም ላይ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ ብታደርጉት አምፖሉ አይርገበገብባችሁም። ከተርገበገበ በኋላ ማዳን ከባድ ነው፤ የሪዞልቭ ዲፍሊከርም ያለው በሚከፈልበት ቅጂ ብቻ ነው። ደግሞም ሪዞልቭ የመጀመሪያውን ክሊፕ ስታስገቡ «የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት ልቀይር?» ይላችኋል። ሳታነቡ «ቼንጅ» አትበሉ። አንዴ ክሊፕ ከገባ የፕሮጀክቱን ፍሬም ሬት መቀየር አይቻልም።

ቀለሙ አመድ መስሏል

ሎግ ነው የቀረጻችሁት፣ ማለትም ቀለሙን በኋላ ለማስተካከል እንዲመች አደብዝዞ በሚቀርጽ ሁነታ፤ የዲጄአይ ዲሎግ ኤም ወይም የሶኒ ኤስሎግ 3። አምራቹ ያዘጋጀውን ለት (ቀለሙን የሚመልስ ፋይል) ጫኑበት። የድሮኑን ለት ለካሜራው አትስጡ። ቀለም ማስተካከል የማትወዱ ከሆነ ደግሞ ሎግ አትቅረጹ፣ ማንም አያስገድዳችሁም።

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ለቲክቶክ አጭር ነገር ከሆነ ካፕከት ይበቃል። 16 ጊጋ ራምና ደህና ጂፒዩ ካላችሁ ነፃው ሪዞልቭ ላይ እቆማለሁ፤ 4ኬ ያወጣል፣ የሚከፈልባቸውን ኤፌክቶች እስካልነካችሁ ድረስም ቪዲዮው ላይ ምልክት አያትምባችሁም። 8 ጊጋ ራም ብቻ ካላችሁ ሾትከትን ሞክሩ። ማክ ካላችሁ ፋይናል ከትን እዩት። ፕሪሚየር ጥሩ ነው፤ ግን በየወሩ በዶላር መክፈል አለ፣ ካርዱን ከየት እንደምታመጡ እናንተ ታውቃላችሁ። ክራክ የተደረገውን አልመክርም። የሰው ሰርግ ይዞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሲዘጋባችሁ የምትደውሉለት የለም።

አማርኛው ሳጥን ሆነ

ይህችን የውጭዎቹ አስተማሪዎች አይነግሯችሁም። ርዕስ ስትጽፉ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ከሆነ የመረጣችሁት ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኒያላን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ምረጡ። ከድሮ የፓወር ግዕዝ ሰነድ ገልብጣችሁ ለጥፋችሁ የእንግሊዝኛ ምልክት ከወጣባችሁ ጽሑፉ ዩኒኮድ አይደለም፣ እንደገና ጻፉት። እኔ አሁን አዲስ ሶፍትዌር ስጭን ገና ቪዲዮ ሳላስገባ «እንኳን ደስ አላችሁ» ብዬ ጽፌ አያለሁ።