ሆም አሲስታንት ራስፕቤሪ ፓይ ላይ ለምትጠቀሙ፦ ከሚሞሪ ካርድ ወደ ኤስኤስዲ

ሆም አሲስታንት (የቤት ዕቃዎችን የሚቆጣጠረው ሶፍትዌር) የየሴንሰሩን ለውጥ ሌት ተቀን ዳታቤዝ ላይ ይጽፋል። ተራ ሚሞሪ ካርድ ይህን ያህል የማያቋርጥ ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አይችልም። ስለዚህ ካርዱ ሳይሞት ወደ ኤስኤስዲ (ብዙ መጻፍ የሚችል ማከማቻ ዲስክ) ቀይሩ።

ራስፕቤሪ ፓያችሁ (ትንሿ ኮምፒውተር) ፓይ 4 ከሆነ ኤስኤስዲውን ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ሶኬት ላይ ሰኩት። ፓይ 5 ከሆነ ግን ቻርጀሩን ተመልከቱ፦ 5 ቮልት 5 አምፒር ካልሆነ ለዩኤስቢ ዕቃዎች በጠቅላላው 600 ሚሊ አምፒር ብቻ ነው የሚለቀው፤ ይህ ለብዙ ኤስኤስዲ አይበቃም።

ዋናው ነገር፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ዚግቢ (አምፖሎችንና ሴንሰሮችን ያለ ገመድ የሚያገናኘው ዘዴ) ነው። ዩኤስቢ 3 ዚግቢ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ ረብሻ ይፈጥራል። የዚግቢ ዶንግሉ (ዩኤስቢ ላይ የሚሰካው የዚግቢ አንቴና) ከኤስኤስዲው ጎን ከተሰካ ደህና የነበሩት አምፖሎችና ሴንሰሮች ድንገት መቆራረጥ ይጀምራሉ፤ ሰውም ሴንሰሩ ተበላሸ ብሎ ሌላ ይገዛል። እባካችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ዶንግሉን ዩኤስቢ 2 ሶኬት ላይ፣ በኤክስቴንሽን ገመድ ግማሽ ሜትር ያህል አርቃችሁ ሞክሩት።

ሽግግሩ ራሱ ቀላል ነው። ባካፑን (የሆም አሲስታንታችሁን መጠባበቂያ ቅጂ) ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ፣ ሲስተሙን ኤስኤስዲው ላይ ጫኑ፣ መጀመሪያ በሚመጣው ገጽ ላይ ባካፑን መልሱ። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ ትንሽ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ጨምሩበት፤ ድንገተኛ መጥፋት በኤስኤስዲም ላይ ዳታቤዙን ሊያበላሽ ይችላል።