ወንዙን ያነበብኩ መስሎኝ፦ ባክቴሪያን በዲኤንኤ ስናጠና ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከቃሊቲ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ አንድ አዛውንት አሉ። ጓንት አጥልቄ፣ ጠርሙስ ይዤ ትንሹ አቃቂ ላይ ሳጎነብስ አዩኝ። "አንተ ልጅ፣ ውሃው መቆሸሹን ለማወቅ አፍንጫ የለህም?" አሉኝ።

አፍንጫስ አለኝ። ግን የትኞቹ ባክቴሪያዎች እንዳሉ አይነግረኝም። ለዚህ ነው ዲኤንኤያቸውን የምናነበው። ባክቴሪያ ሁሉ 16ኤስ የሚባል ጂን አለው፤ ርዝመቱ ወደ 1,500 የዲኤንኤ ፊደል ይጠጋል። የጂኑ አንዳንድ ክፍል በሁሉም ዘንድ ተመሳሳይ ነው። 9 ቦታዎች ላይ ግን ይለያያል። ተመሳሳዩን እንደ መያዣ እንጠቀምና የሚለያየውን ፒሲአር በሚባለው የዲኤንኤ ማባዣ ዘዴ አባዝተን ዲኤንኤ ለሚያነበው ማሽን፣ ለሲኩዌንሰሩ፣ እንሰጣለን። ላብራቶሪ ውስጥ ማብቀል ያቃተን ባክቴሪያ ሳይቀር በዚህ መንገድ ይታያል።

ክፋቱ፣ ማሽኑ ምን ብትሰጡት ያነባል። ከተበላሸ ናሙናም ቢሆን ያማረ ባለቀለም ግራፍ ይወጣል። ስህተቱ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ከማሽኑ በፊት ነው።

የመጀመሪያውን የሠራሁት እኔው ነኝ። ጠዋት ውሃ ቀዳሁ፣ በረዶ ሳልይዝ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱ ተዘጋግቶ ላብራቶሪ የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ደግሞ እኛን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ሙቀቱ የተስማማው ይራባል፣ ሌላው ይሞታል። ስለዚህ ያነበብኩት ወንዙን ሳይሆን የሚኒባሱን ጉዞ ነው። አሁን እዚያው ወንዝ ዳር ውሃውን አጣራለሁ፤ ባክቴሪያው የቀረበትን ማጣሪያ ዲኤንኤ የሚያቆይ ፈሳሽ ውስጥ እከትና አይስ ቦክስ ውስጥ አኖራለሁ። ላብራቶሪ ስደርስ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሆነ ፍሪዘር ይጠብቀዋል። መብራት ሲሄድ ግን የሚያድናችሁ ፈሳሹ ነው። ፍሪዘሩን ብቻ አትመኑ።

ሁለተኛው የዕቅድ ስህተት ነው። የላይኛውን ወንዝ በነሐሴ፣ የታችኛውን በጥር ቀድቶ ማወዳደር። በክረምት ጎርፍ ውሃውን ያቀጥነዋል፣ አፈርም ያጥብበታል። በበጋ ወንዙ ሲከሳ የከተማው ፍሳሽ ይበረታል። ታዲያ ያያችሁት ልዩነት የቦታው ነው ወይስ የወቅቱ? አይታወቅም። ላብራቶሪ ውስጥም ያው ነው፦ የላይኛውን ሰኞ በአንድ ኪት (ዲኤንኤ የምናወጣበት የኬሚካሎች ስብስብ)፣ የታችኛውን ሐሙስ በሌላ ኪት ከሠራችሁት ልዩነቱ የኪት ሊሆን ይችላል። በየቀኑና በየኪቱ ከሁለቱም ቦታ የመጡ ናሙናዎችን አሰባጥራችሁ ሥሩ። ከአንድ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ቀድቶ "ሦስት ናሙና አለኝ" ማለትም አይሠራም። ያ አንድ ናሙና ነው።

አሁን ሰው ሁሉ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚዘለውን ልንገራችሁ፤ ባዶውን ቲዩብ ማለቴ ነው። የዲኤንኤ ማውጫ ኪቶች ራሳቸው ትንሽ የባክቴሪያ ዲኤንኤ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ይህን አሳምሮ አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ አንድ ንጹህ የሳልሞኔላ እርባታ ወስደው ደጋግመው አቀጠኑት። በቀጠነ ቁጥር ሳልሞኔላው እያነሰ፣ ከኪቱ የመጡት እንግዶች እየበዙ ሄዱ። እንደ አቃቂ ባለ ባክቴሪያ በሞላበት ውሃ ይህ ብዙም አያሳስብም። የጉድጓድ ወይም የምንጭ ውሃ ከሆነ ግን እንግዳው የቤቱ ባለቤት መስሎ ቁጭ ይላል። ስለዚህ ምንም ያልገባበትን ቲዩብ ከመጀመሪያው እስከ ሲኩዌንሲንጉ ድረስ አብራችሁ አስኪዱት። በተጨማሪም ይዘቱን አስቀድማችሁ የምታውቁትን የባክቴሪያ ድብልቅ አንድ ቲዩብ ጨምሩ። ብሩን አትሰስቱበት። እኔ አንዴ ሰስቼ ግማሽ ዓመት ሙሉ የኪት ባክቴሪያ ስተነትን ከርሜያለሁ።

ዲኤንኤ ስታወጡም ግድግዳቸው ወፍራም የሆኑትን አትርሱ። በኬሚካል ብቻ በደንብ አይከፈቱም። በጥቃቅን ጠጠር ካልተናጡ ከውጤቱ ሊቀሩ ይችላሉ።

ወደ ቆጠራው እንምጣ። "ኢኮላይ 700 ንባብ፣ የቲቢ ባክቴሪያ 100 ንባብ" የሚል ውጤት መጣ እንበል። ኢኮላይ የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ ንባብ ማለት ደግሞ ማሽኑ ያነበበው አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ። ኢኮላይ በሰባት እጥፍ ይበልጣል? አይደለም። ኢኮላይ የ16ኤስን ጂን 7 ጊዜ ይዟል፤ የቲቢ ባክቴሪያ 1 ብቻ። ስለዚህ ሁለቱም እኩል ሊሆኑ ይችላሉ። የሰፈሩን በር ቆጥሮ አባወራ ቆጠርኩ እንደማለት ነው። ሰባት በር ያለው ግቢም አለ።

የፐርሰንት ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሁለት ባክቴሪያዎችን "ሀ" እና "ለ" እንበላቸው። አንድ ጠርሙስ ውስጥ 900 "ሀ" እና 100 "ለ" አለ። ሌላው ውስጥ 100 "ሀ" እና 100 "ለ"። "ለ" ከ10 ወደ 50 ፐርሰንት ዘለለ! ግን እኮ "ለ" ንቅንቅ አላለም፤ የቀነሰው "ሀ" ነው። "ጨመረ" ከማለታችሁ በፊት ጠቅላላውን ብዛት በሌላ መንገድ ለኩ።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከእናቷ ቤት እርሾ አምጥታ በ16ኤስ አስነበበች። "እርሾው ውስጥ ባክቴሪያ ብቻ ነው ያለው" አለችኝ። እርሾ ውስጥ ያለው ይስት ግን ፈንገስ ነው፤ የባክቴሪያ 16ኤስ የለውም፣ ስለዚህ በዚህ ዘዴ አይታይም። አለመታየቱ አለመኖሩ አይደለም፤ ለይስት ሌላ ጂን ይነበባል። የሰላጣ ቅጠል ላይ ግን ችግሩ ይገለበጣል። የቅጠሉ ክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል) ከጥንት ባክቴሪያ የመጣ ስለሆነ የራሱ 16ኤስ አለው። የእሱን ንባብ ለይታችሁ ካላወጣችሁ ግማሹ ንባብ ሰላጣው ራሱ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት ሰው የሚያስደነግጠው ነው። ብዙ ጊዜ የምናነበው 250 ፊደል አካባቢ ብቻ ነው። በዚያ ኢኮላይና ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ አይለዩም፤ ሙሉው ጂን እንኳ በአስተማማኝ አይለያቸውም። ቪብሪዮ (የኮሌራ ባክቴሪያ ያለበት ወገን) አገኘን ማለትም ኮሌራ አገኘን ማለት አይደለም፤ ጉዳት የሌላቸው ብዙ ዘመዶች አሉት። ደግሞ የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤም ይነበባል። ሕይወት አለው ወይ፣ በሽታ ያመጣል ወይ ለሚለው ማብቀል ወይም በሽታ አምጪውን ጂን ለይቶ መፈለግ ያስፈልጋል።

አዛውንቱን በቀደም አገኘኋቸው። "እህ፣ ሰላጣዬ ምን አለ?" አሉኝ። "አባባ፣ ገና ነው፤ ሌላ ምርመራ ይቀረዋል" አልኳቸው። አንድ እስር ሰላጣ ሊሰጡኝ ዘረጉ። ሰላጣውን አመስግኜ ተውኩት፤ ለቅቅል የሚሆን ጎመን ግን ገዛኋቸው።