የድሮ ቮልስ ሲታደስ ጎማ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ቮልስ የሚያድስ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ለሞተር ያወጣል። ከዚያ ለላሜራ፣ ከዚያ ለቀለም፣ ከዚያ ለወንበር። ጎማ የሚታሰበው መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ሲሳሳ ነው። እኔም የአባቴን ቮልስ ሳስነሳ እንደዚሁ አደረግኩ። መኪናዋ አምራ ተሠራች፣ መንገድ ስትወጣ ግን መሪው እጄ ላይ አልረጋ አለኝ። ሞተሩን ጠረጠርን፣ መሪውን ፈታን፣ ጥፋቱ ግን ጎማው ላይ ነበር። እንደኔ ሁለት ጊዜ እንዳትከፍሉ ነው ይህን የምጽፈው።

ቸርኬውን ሳያዩ ጎማ መግዛት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልንገራችሁ። የቮልስ የጥንቱ ጎማ 5.60-15 ነው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት፣ 15ቱ የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ ሁለቱም በኢንች። ቀጭንና ከፍ ያለ። ቸርኬውም ጠባብ ነው፤ ስፋቱ 4 ኢንች፣ በኋለኞቹ ሞዴሎች 4.5። ገበያ ስትወጡ ባለ 15 ጎማ ሞልቷል፣ ግን በብዛት የምታገኙት 195/65 ነው (ስፋቱ 195 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 65 በመቶ)፣ ለኮሮላ የሚሆነው። ሻጩ «15 አይደል? ይገባል» ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ይገባል። ግን ያ ጎማ ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ጠባቡ ላይ ሲገባ ጎንና ጎኑ ተጨምቆ መሃሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሬት በደንብ የሚይዘውም መሃሉ ብቻ ይሆናል። ኩርባ ላይ መኪናዋ ትዋልላለች፣ ጎማውም ከመሃሉ ቶሎ ያልቃል። የእኔ ችግር ይሄው ነበር። ለቮልስ የሚሆነው 165/80 ወይም 155/80 ነው። እንደ ልብ አይገኝም፣ ሲገኝም ይወደዳል። ቢሆንም መጠበቅ ይሻላል።

ቸርኬው ራሱም መታየት አለበት፣ ያውም ጎማው ወልቆ። የእኔ ከውጭ ሲታይ ቀለሙ እንኳን አልተላጠም ነበር። ጎሚስታው ጎማውን ሲያወጣው ግን ካላማዳሪው (ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ) የሚያርፍበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ዝገቱ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተነስቶ ነበር። በጣቴ ስነካው ተፈረፈረ። የወጣው ካላማዳሪ ላይ ደግሞ የዝገቱ ቅርጽ እንዳለ ታትሟል፣ ጥቂት ቀን ቢቆይ ይበሳው ነበር። እንዲህ ያለውን እስከ ብረቱ ድረስ ፍቁ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከላዩ ስስ ቀለም አድርጉ። ብረቱ ተበልቶ የሳሳ ከሆነ ጣሉት፤ በስቱኮ የተደፈነ ቸርኬ ላይ ቤተሰብ አይጫንም። መጣመሙን ለማወቅ ደግሞ ባዶውን ቸርኬ መኪናዋ ላይ እሰሩት፣ ጠመኔ ጠርዙ አጠገብ ሳይንቀሳቀስ ያዙና አሽከርክሩት። አንድ ቦታ ብቻ ከነካው ጠሟል ማለት ነው።

ቡሎኑን መናቅ

ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ ቸርኬ ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ቀዳዳ ቁጠሩ። እስከ እ.ኤ.አ. 1967 ሞዴል ድረስ በአብዛኛው ባለ 5 ቡሎን ነው፣ ከ1968 ጀምሮ በአብዛኛው ባለ 4። ቡሎኑንም ገልብጣችሁ አንገቱን እዩት። የፋብሪካው ቸርኬ የሚፈልገው አንገቱ እንደ ኳስ የከበበ ቡሎን ነው። ለጌጥ ቸርኬ የሚሸጠው ደግሞ እንደ እንዝርት የሾለ ነው። የሾለውን በፋብሪካው ቸርኬ ላይ ብታስሩት የጠበቀ ይመስላል፣ ግን የሚነካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ እየነዳችሁ ይላላል።

«ዘመናዊ ጎማ ካላማዳሪ አያስፈልገውም» የሚለውን ማመን

ለዘመናዊ ቸርኬ እውነት ነው። የድሮው የቮልስ ቸርኬ ግን ጎማው ከቦታው እንዳይንሸራተት የሚይዘው ጉብታ የለውም፣ ስለዚህ ካላማዳሪ ይግባበት። በልኩ የሆነና አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ስለተለጠጠ ውስጥ ገብቶ ይታጠፋል፣ በታጠፈበትም ይቀደዳል። አዲሱ ጎማ ውስጥ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ላጡት፣ ካላማዳሪውን እየፈተገ ይበሳዋል። ትንሽ የታልክ ዱቄት ብትነሰንሱበት ደግሞ ጥሩ ነው።

ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን አለማየት

ቮልስ ብዙ ስለማይነዳ ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 3 ቁጥር ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አትግዙት።

የድሮውን ናይለን ጎማና ራዲያልን (የዛሬውን ባለ ሽቦ ጎማ) ማደባለቅም አይሆንም። አራቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ።

«ዙሪያውን 35 ሙላው» ማለት

የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፣ የፊቱ ቀላል ነው። ለራዲያል ጎማ የፊቱ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ የኋላው 27 አካባቢ ይበቃዋል። ጎሚስታው 18 ስትሉት የተሳሳታችሁ ይመስለዋል፣ ስለዚህ አጠገቡ ቆማችሁ አስሞሉ። የፊቱ በጣም ሲነፋ መኪናዋ ጉድጓድ ላይ ትዘላለች፣ መሪውም ይቀላል።

ጎማው ከወለቀ አይቀር ኩሽኔታውንም አጽድታችሁ አዲስ ግራሶ ቀቡት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የግራ የፊት እግር ዳዶ ክሩ ግልባጭ ነው፣ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። የፍጥነት መለኪያው ገመድም በዚያው መሃል አልፎ ኩሽኔታውን የሚሸፍነው ክዳን ላይ ስለሚታሰር፣ ማሰሪያውን ሳታወጡ ክዳኑን በመዶሻ እንዳትመቱት።

ስኮርታውንም እዩት። በብዙ የ60ዎቹና የ70ዎቹ ሞዴሎች የፊት መስታወት ማጠቢያውን ውሃ የሚገፋው ከስኮርታው በቀጭን ጎማ የሚሄድ ንፋስ ነው። ለዚህ ነው ስኮርታው እስከ 42 ፒኤስአይ የሚሞላው። ንፋሱ ሲወርድ ለመንገድ የሚሆነው እንዲቀር መስመሩ ራሱ ይዘጋል፣ ውሃውም ይቆማል። ስለዚህ ውሃው አልረጭ ካለ ፓምፕ ፍለጋ ከመሄዳችሁ በፊት የፊቱን ኮፈን ክፈቱና የስኮርታውን ንፋስ ለኩ።