በወርድ ባር ቻርት ስትሠሩ፦ በየሰኔው የማርማቸው ስህተቶች

ሱቄ ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ጽሕፈት። ዓመቱን ሙሉ የኪራይ ውልና ሲቪ ስጽፍ እከርማለሁ። ግንቦት ሲጋመስ የሪሰርች ልጆች ይመጣሉ። ፍላሻቸውን እያቀበሉኝ «ጋሼ፣ ቻፕተር ፎር ብቻ ነው የቀረኝ» ይላሉ። ቻፕተር ፎር ማለት ቻርት ማለት ነው።

ባር ቻርት ማስገባት ቀላል ነው። ኢንሰርት፣ ቻርት፣ ከለም፣ ኦኬ። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ አልደግመውም። ጉዱ የሚመጣው ከኦኬ በኋላ ነው።

ካታጎሪ 4

ከራሴ ልጀምር። ወርድ ባዶ ቻርት አይሰጣችሁም። የራሱን የናሙና ቁጥር ሞልቶ ነው የሚያመጣው። አራት ረድፍ ከካታጎሪ 1 እስከ 4፣ ሦስት ዓምድ ከሲሪስ 1 እስከ 3። የመጨረሻው ረድፍ 4.5፣ 2.8 እና 5 ነው። በቃሌ የያዝኩት ወድጄ አይደለም።

ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንድ የማስተርስ ተማሪ ሦስት ወረዳዎች የሚያወዳድር ዳታ አመጣልኝ። ቁጥሮቹ በመቶዎች ነበሩ። ሦስቱን ረድፍ ሞላሁ፤ አራተኛውን ረሳሁት። እስከ 400 በሚሄድ ሚዛን ላይ 4.5 ምን ይታያል? ባሩ ከመስመሩ ጋር ተጣብቆ ጠፍቷል። የቀረው በቀኝ በኩል ባዶ ቦታ፣ ከሥሩም በትንሽ ፊደል «ካታጎሪ 4»። አምስት ኮፒ ታተመ፣ በጠንካራ ሽፋን ተጠረዘ፣ ተሰጠ። ዲፌንስ ላይ አንዱ ፈታኝ «አራተኛው ወረዳ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ተመልሶ ሲመጣ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። አምስቱንም በራሴ ወጪ አሳትሜ ደግሜ ጠረዝኩለት።

ቁጥሩን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። በዳታው ዙሪያ ያለችውን ሰማያዊ መስመር ታች ቀኝ ጥግዋን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው ቁጥራችሁ ድረስ ሰብስቧት። እሷ ካልተሰበሰበች ባዶው ቦታ እዚያው ይቀራል።

«ቻርት ታይትል» የሚለውን ሳይቀይሩ የሚያመጡትን ምንም አልልም። አድቫይዘራቸው ይንገራቸው።

ረጅም ስም ከቋሚ ባር ሥር

ወርድ የቆመውን ከለም፣ የተኛውን ባር ይለዋል። እኛ ሁለቱንም ባር ቻርት እንላለን። ችግር የለውም፤ የቱን መቼ እንደምትመርጡ ካወቃችሁ።

አዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተማ አላት። ንፋስ ስልክ ላፍቶን፣ ኮልፌ ቀራኒዮንና አቃቂ ቃሊቲን ከቋሚ ባሮች ሥር ለመደርደር ሞክሩ። ስሞቹ አይበቃቸውም፤ ወርድ አጋድሞ ይጽፋቸዋል። አንባቢው አንገቱን አጣሞ ያነባል። ስም ሲረዝም ወይም ሲበዛ ባሩን አስተኙት። ስሙ በግራ በኩል ቀጥ ብሎ ይነበባል።

የተኛው ላይ ግን አንድ ነገር ያስደነግጣል። ከላይ የጻፋችሁት ረድፍ ከታች ይመጣል። ተበላሽቶ አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ስሞቹን ሁለቴ ጠቅ አድርጉና «ካታጎሪስ ኢን ሪቨርስ ኦርደር» የሚለውን ምረጡ። ቁጥሮቹ ወደ ላይ ከወጡባችሁ እዚያው «አት ማክሲመም ካታጎሪ»ን ምረጡ፤ ይወርዳሉ።

ክፍለ ከተሞችን ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሯቸው። ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ያለውን ግን በቁጥር እንዳትደረድሩት። እሱ የራሱ ቅደም ተከተል አለው።

እግሩ የተቆረጠ ባር

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ይላል፤ ታገሡኝ።

አምና አንዲት ልጅ የሦስት ቅርንጫፎች የደንበኛ እርካታ ይዛ መጣች። 86፣ 88፣ 91 በመቶ። ቻርቷን ከፈትኩት። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ድንክ፣ ሦስተኛው ፎቅ። ወደ ግራ ወደ ሚዛኑ ሳይ ከ83 ይጀምራል። እሷ አላደረገችውም። ቁጥሮች ሲቀራረቡ ወርድ ራሱ መነሻውን ከፍ ያደርገዋል። ከ83 ሲለካ 86 ሦስት ነው፣ 91 ደግሞ ስምንት። ስለዚህ አንዱ ባር የሌላውን ሁለት እጥፍ ተኩል አልፎ ተገተረ።

ባር የሚነበበው በርዝመቱ ነው። ዓይን በግራ በኩል ያለውን ቁጥር አያይም፤ ባሩን ነው የሚለካው። መነሻውን ቆርጣችሁ ማወዳደር የሁለት ሰው ቁመት ከአጭሩ አንገት ጀምሮ እንደመለካት ነው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲሆን ልዩነቱ ይታያል እኮ፤ ይተዉት» አለችኝ።

«ልጄ፣ የአምስት ነጥብ ልዩነት ነው ያለሽ።»

«ከዜሮ ሲጀምር ደግሞ ሁሉም እኩል ይመስላሉ።»

«እኩል ለመሆን ምን ቀራቸውና!»

ዝም አለች። ከዚያ ቻፕተር ፋይቭን ከፈተችልኝ። «ሦስተኛው ቅርንጫፍ ከሌሎቹ በእጅጉ ይበልጣል» ብላ ጽፋለች። ያንን ዓረፍተ ነገር ያጻፋት ቁጥሩ አይደለም፤ ሥዕሉ ነው። የሚያበግነኝም ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ቻርት አንባቢን ከማታለሉ በፊት የሠራውን ሰው ያታልላል። ሁለት ገጽ ትንተና እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ደግማ ጻፈች። መብራት አንዴ ሄዶ መጣ፤ ሴቭ አድርጋ ስለነበር ተረፍን።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። በግራ በኩል ያሉትን ቁጥሮች ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። በቀኝ በኩል ሳጥን ይከፈታል። «ባውንድስ» ከሚለው ሥር «ሚኒመም» አለ፤ 0 ጻፉበት፤ ኢንተር። አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ትንሿ ልዩነት ለሥራችሁ ቁም ነገር ከሆነች ቁጥሩን በባሩ ጫፍ ላይ ጻፉት፤ «ዳታ ሌብልስ» የሚባለው ለዚህ ነው። ወይም ቻርቱን ተዉት። ሦስት ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል።

ተማሪዎቹን ሳልቆጣ አርማቸዋለሁ፤ ባለማወቅ ነውና። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ሪፖርት የሚያሠሩኝ ደንበኞች ግን 0 ሳስገባ «እንደነበረው መልሰው» ይሉኛል። እነሱ አውቀው ነው።

«ታዲያ በመስመር ግራፍ ላይ ከዜሮ የማይጀምር አይቻለሁ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። መስመር የሚነበበው በመውጣት በመውረዱ ነው እንጂ በቁመቱ አይደለም። ሁለቱ ሥራቸው የተለያየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1786 ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ፕሌይፌር የአገሩን ገቢና ወጪ ንግድ በባር የሣለው የብዙ ዓመት ዳታ ስላልነበረው ነው። የአንድ ዓመት ብቻ ነበር በእጁ። የብዙ ዓመት ሲያገኝ በመስመር ነበር የሚሥለው። እናንተም የ15 ዓመት ዋጋ ይዛችሁ 15 ባር አትትከሉ።

ስሪዲ

ባሩን እንደ ሣጥን ወፍራም አስመስሎ የሚያቆመውን ማለቴ ነው። አትጠቀሙ። 40 የሆነው ባር ከ40 መስመር በታች ሆኖ ይታያል፤ መስመሮቹ ከኋላ ግድግዳው ላይ ናቸው፣ ባሩ ደግሞ ከፊታቸው ቆሟል።

ድምርና «45 ሰው»

ሠንጠረዡን እንዳለ ገልብጠው ሲያመጡ «ድምር» የሚለው ረድፍ አብሮ ይገባል። ድምሩ ቻርቱን ሞልቶ ይቆማል፣ ሌሎቹ ባሮች ከሥሩ ይኮማተራሉ። አውጡት። ቁጥር ሣጥን ውስጥም «45 ሰው» ብላችሁ አትጻፉ። ፊደል ሲገባበት ወርድ ቁጥር መሆኑን አያውቅም፤ ባሩን ዜሮ ያደርገዋል።

ዓመቱ የማን ነው?

ይህ የኛው የአገር ቤት ስህተት ነው። ከውጭ ድረ ገጽ የወረደ ዳታና ከመሥሪያ ቤት የተገኘ ዳታ አንድ ቻርት ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ሁለቱም ሥር «2015» ይላል። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ። መካከላቸው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አለ። በዚያ ላይ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። 2016 በጀት ዓመት ብላችሁ የጻፋችሁት ሥራ የተጀመረው ሐምሌ 2015 ላይ ነው። ከቻርቱ ሥር ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳይባል የሚታለፍ ዓመት አይኑር።

ክፍለ ከተሞችን በዓመታት መካከል የምታወዳድሩ ደግሞ ለሚ ኩራን አትርሱ። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተ ነው። አንድ ልጅ የቦሌ ባር ድንገት ማጠሩን አይቶ ምክንያት ሲፈላስፍ ግማሽ ገጽ ጽፎ ነበር። ምክንያቱ ካርታው ነው።

ፊደሉ ሲተረማመስ

ስሞቹን በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ጽፈው የሚመጡ አሁንም አሉ። እሱ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ፣ አይደለም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር፣ ወይም ቻርቱ ፎንቱን ሲቀይረው፣ «አራዳ» የሚለው የላቲን ፊደልና የምልክት ጋጋታ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ። በሱ ጻፉ፣ ለቻርቱም እንደ ኒያላ ወይም ኤብሪማ ያለ ፎንት ስጡት። እኔ ለማስተካከል ስል ሙሉውን ደግሜ መጻፍ አለብኝ፤ እናንተም ታስከፍለኛለህ ብላችሁ ታኮርፋላችሁ።

ኤክሴሉ ቤት ቀረ

ከኤክሴል ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ዝም ብላችሁ ፔስት ስታደርጉ ቻርቱ ከኤክሴል ፋይሉ ጋር በክር እንደታሰረ ይቀራል። ፋይሉ አብሮ ካልመጣ ቻርቱ ይታያል፤ ቁጥሩን ግን መቀየር አትችሉም። አንድ ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣ። አድቫይዘሩ አንድ ቁጥር ቀይር ብሎታል፤ ማስረከቢያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። «ኤዲት ዳታ» ስንል የተያያዘው ፋይል አልተገኘም ይላል። ኤክሴሉ ቤት ነው። ቤቱ ቱሉ ዲምቱ። በታክሲ ሰልፍ ደርሶ መመለስ የማይታሰብ ነው። ቁጥሮቹን ከባሮቹ ጫፍ እያነበብን ቻርቱን ከዜሮ ሠራነው። ዳታ ሌብልስ ባያደርግ ኖሮ ምን ይውጠን ነበር?

ፔስት ስታደርጉ «ኢምቤድ» ያለበትን ምረጡ። ግን ተጠንቀቁ፤ ያኔ የኤክሴል ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ወርዱ ውስጥ ይገባል። የጠየቃችኋቸው ሰዎች ስምና ስልክ ሌላ ሺት ላይ ካለ አብሮ ይሄዳል። ፋይሉን በቴሌግራም ግሩፕ ከመልቀቃችሁ በፊት አስቡበት። የሚሻለው ቁጥሩን ብቻ ወርድ ራሱ በሚከፍተው ሠንጠረዥ ውስጥ መጻፍ ነው።

ቻርቱ ከገጽ ገጽ የሚዘልባችሁም «ኢን ላይን ዊዝ ቴክስት» አድርጉት፤ እንደ አንድ ትልቅ ፊደል ባለበት ይቆማል።

ሁለት ግራጫ

ስክሪን ላይ ሰማያዊና ብርቱካናማ ያምራሉ። ለወንድና ለሴት ይህን ቀለም ሰጥተው በጥቁርና ነጭ ያሳትሙታል፤ ሲወጣ ሁለቱም ግራጫ ነው። «ጋሼ፣ ማሽንዎ ቀለም ጨርሷል» ይሉኛል። ማሽኔ ደህና ነው። አንዱን ባር ጥቁር፣ ሌላውን በጣም ፈዛዛ አድርጉት። በከለር አሳትማለሁ የሚልም ይህን አይለፈው። ከአንድ ዓመት በኋላ የመጣ ተማሪ ያንን ገጽ ፎቶ ኮፒ ሊያደርግ ወደ እኔ ይመጣል፤ የኔ ፎቶ ኮፒ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።